ቡና ብዬ አዝዤ ቸኮሌት የመጣልኝ ሐብል

ኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ስታነቡ "አንቺ ደግሞ አበዛሽው" ብትሉኝ አልቀየምም። ግን ሰው ሳይንስን ጌጥ አድርጎ ሲሸጥልኝ ሳይንሱንም አብሮ እንዲሸጥልኝ እፈልጋለሁ፣ አለቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እህቴ የምትኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ለልደትሽ ምን ልላክልሽ ስትለኝ፣ የእጅ ሥራቸውን ኦንላይን ከሚሸጡ ሰዎች ዘንድ ለወራት እያየሁ ስመኛቸው የነበሩ ሦስት ነገሮች ነገርኳት፤ የካፌይን (ቡና ውስጥ ያለው አነቃቂ ነገር) ሞለኪዩል ቅርጽ ያለው የብር ሐብል፣ የዲኤንኤ ጉትቻ፣ እና በኪሮሽ የተሠራ አንድ የጂኦሜትሪ ጉድ። ሻጮቹ የተለያዩ ናቸው። ሰው ሲመጣ ይዞልኝ ስለመጣ ስለ ፖስታና ስለ ቀረጥ አትጠይቁኝ።

ሐብሉ 42 ዶላር ነው። ከሳጥኑ ሳወጣው በጣም ነው ደስ ያለኝ። ጀርባው ላይ 925 የሚል ማኅተም አለው፤ ከመቶ 92.5 እጁ ብር ነው ማለት ነው፣ የቀረው አብዛኛውን ጊዜ መዳብ ይሆናል። ጠርዙን ወደ ብርሃን ይዛችሁ ብታዩት ስስ የሞረድ ጭረት አለው። እኔ ጭረቱን ወድጄዋለሁ፤ ማሽን ቆርጦት "በእጅ የተሠራ" ተብሎ የሚሸጥ ስንት ዕቃ አለ። ሰንሰለቱ ግን ቀጭን ነው፣ ፀጉር ይይዛል፣ መቆለፊያው ደግሞ ጥፍር ለሌለው ሰው አይከፈትም። እናቴ አንገቴ ላይ አየችውና "ደግሞ ክታብ ማሠር ጀመርሽ?" አለችኝ።

ችግሩን ያየሁት ማታ ነው። ካፌይን ሲሣል ባለ ስድስት ጎንና ባለ አምስት ጎን ሁለት ቀለበቶች ጎን ለጎን ይጣበቃሉ። ባለ ስድስቱ ላይ ሁለት ኦክስጅኖች ይወጣሉ። ከዚያ ናይትሮጅኖቹ ላይ ሜቲል የምንላቸው አጫጭር እጆች አሉ፣ ሦስት ናቸው። ቆጠርኩ፤ ሁለት። መብራት አብርቼ እንደገና ቆጠርኩ። በሁለቱ ኦክስጅኖች መሐል ያለው ናይትሮጅን ባዶውን ነው።

እንግዲህ ይቺን እጅ ከካፌይን ላይ ስታነሱ የተበላሸ ካፌይን አይደለም የሚቀራችሁ። ቲዮብሮሚን የሚባል ሌላ ሞለኪዩል ነው፣ ካካዎ ውስጥ ያለው፣ ቸኮሌት ለውሻ መርዝ የሚሆነው በዋናነት በሱ ነው። ባለ አምስት ጎኑ ቀለበት ላይ ያለችው እጅ ብትጎድል ኖሮ ደግሞ ቲዮፊሊን፣ የአስም መድኃኒት አንገቴ ላይ ይንጠለጠል ነበር። የሚያናድደው አብሮት የመጣው ካርድ ልክ መሆኑ ነው። ካፌይንን መጀመሪያ ከቡና ለይቶ ያወጣው ጀርመናዊው ሩንገ እንደሆነ፣ ዓመቱም 1819 እ.ኤ.አ. እንደሆነ ሻጯ ጽፋለች፤ ቀመሩንም ስምንት ካርቦን፣ አሥር ሃይድሮጅን፣ አራት ናይትሮጅን፣ ሁለት ኦክስጅን ብላለች። ሐብሉ ላይ ካርቦኑ ሰባት ነው። የራሷን ካርድ አላነበበችውም።

እህቴ ጻፈችላት። መልሷ ቶሎ መጣ፣ በትሕትናም ነው የጻፈችው፣ ግን ቅርጹ እንዲያምር ብላ እንዳቀለለችውና 5 ዶላር ልትመልስ እንደምትችል ነው የነገረቻት። ከሦስት እጅ አንዱ ጎድሎ ከ42 ዶላር 5 ዶላር! ሒሳቡም አልገባኝም።

መልሶ መላኩ ከዕቃው ስለሚበልጥ ሐብሉን አንድ ብር የሚሠሩ አባት ዘንድ ወሰድኩት፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ መስቀል ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩትና "የየት አገር መስቀል ነው ይሄ?" አሉኝ። "መስቀል አይደለም አባባ፣ ቡና ነው" አልኳቸው። ዝም ብለው አዩኝ። ደረሰኝ ጀርባ ላይ ሣልኩላቸው። ከብር ሽቦ የሩዝ ፍሬ የምታክል ቆረጡ፣ ነጭ ዱቄት በውሃ ለውሰው መጋጠሚያው ላይ ቀቡ፣ ከዚያ እሳቱን እያስጠጉ እያራቁ ቆዩና ብየዳው ድንገት እንደ ውሃ ሮጦ ገባ። ሐብሉ ጠቆረብኝ፤ ደነገጥኩ። አሲድ ውስጥ ነክረው ሲያወጡት ነጣ፣ በብሩሽ ሲያሹት አበራ። 500 ብር ከፈልኩ። አሁን ካፌይን ነው። እናንተም እንዲህ ዓይነት ሐብል ልትገዙ ከሆነ ፎቶውን አጉሉና እጆቹን ቁጠሩ።

ጉትቻው ላይ ብዙ አልቆይም። በሽቦ የተሰካ ጨሌ ነው፣ 19 ዶላር፣ ቀላል ነው፣ ጆሮ አይጎትትም። አራቱ ቀለሞች የዲኤንኤ አራት ፊደሎች ናቸው፣ እያንዳንዱ ከራሱ ጥንድ ጋር ብቻ ነው የሚገጥመው። ሻጯ በትክክል አጣምራቸዋለች፤ ቀይ ሁልጊዜ ከቢጫ፣ ሰማያዊ ሁልጊዜ ከአረንጓዴ። ግን ዲኤንኤ እንደ ተራ ቡሎን ጥርስ ወደ ቀኝ ነው የሚጠመዘዘው። ጥንዱ እንዲያምር ብላ አንደኛውን ወደ ግራ ጠምዝዛዋለች። ክፍል አድርጌው ገብቼ "የቱ ነው ስህተቱ?" አልኳቸው፣ ሃያ ደቂቃ ተከራከሩበት። ለዚያ ሲባል 19ኙ ዶላር ሐላል ነው።

ከሦስቱ የወደድኩት የኪሮሹን ነው። 28 ዶላር። ጭብጥ የምታክል፣ ጠርዟ እንደ ሰላጣ ቅጠል የተሸበሸበች ነገር ናት። ሐሳቡ ዳይና ታይሚና ከምትባል የሒሳብ ሊቅ የመጣ ነው፤ በ1997 እ.ኤ.አ. ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ እያለች ሃይፐርቦሊክ የሚባለውን፣ ወደ ጠርዙ በሄደ ቁጥር ቦታው እየበዛ የሚሸበሸበውን ገጽ ተማሪዎች በእጃቸው እንዲዳስሱት በኪሮሽ ሠራችው። ሥራው አንድ ሕግ ብቻ ነው ያለው፤ በየተወሰነው ቋጠሮ አንድ እየጨመሩ መሄድ፣ ያለማቋረጥ። የኔዋ ላይ በቢጫ ክር መስመሮች ተሰፍተዋል። አንድ መስመር አለ፣ ከሱ ውጪ አንዲት ነጥብ አለች፣ በነጥቧ ውስጥ ሦስት መስመሮች ያልፋሉ፣ ሦስቱም የመጀመሪያውን መስመር አይነኩትም። በወረቀት ላይ እንዲህ የሚያልፈው አንድ ብቻ ነው። በየመስመሩ አጥፌ አየሁት፣ እጥፋቱ ቀጥ ይላል። ቆጥራ ነው የሠራችው፣ አንድም የሳተችው ቋጠሮ አላገኘሁም።

ሶፋና ቴሌቪዥን ሲያለብስ የኖረው ዳንቴል ሁሉ የእናቴ እጅ ነው። ቡና እየተፈላ አገላብጣ አየቻትና "ይቺ ልጅ ቋጠሮ አብዝታ ነው የተሸበሸበባት፣ እኔም ስጀምር እንዲህ ነበር የምፈታው" አለች። ሆን ተብሎ ነው ስላት ሳቀች። ከዚያ ስንት በስንት እንደምትጨምር ጠየቀችኝ፣ ከተረፋት ቀይ ክር ጀመረች፣ በሁለተኛው ቀን ከመጣልኝ የምትበልጥ ጨርሳ ቴሌቪዥኑ ላይ አስቀመጠቻት። ዋጋውን ስትጠይቀኝ ስጦታ ነው ብዬ አለፍኩት።