ውድ ሰዓት የት ይደር? የቤት ካዝና ወይስ የአደራ ሳጥን?

ለንደን ውስጥ የሮሌክስ ወይም የፓቴክ ፊሊፕ ሰዓቶች ስብስብ ያለው ሰው ቤቱ ካዝና ይተክላል፣ አለዚያ ከአደራ ጠባቂ ድርጅት ሳጥን ይከራያል።

የቤቱ ምቾት አያከራክርም። ግን ካዝና ሁሉ አንድ አይደለም። የካዝናን ጥንካሬ በሚለካው በአውሮፓው ኢኤን 1143-1 መስፈርት ደረጃ አንድ የሆነውን የእንግሊዝ መድን ሰጪዎች በአብዛኛው ለ10,000 ፓውንድ ጥሬ ገንዘብ፣ ለጌጣጌጥና ለሰዓት ደግሞ ለ100,000 ፓውንድ ይቀበሉታል። ከወለሉ ጋር በቡሎን ያልታሰረውን ቀላል ካዝና ሌባ ተሸክሞት ይሄዳል። እኔን ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላ ነው፤ ቤተሰቡ ቤት እያለ የገባ ዘራፊ ባለቤቱን አስፈራርቶ ካዝናውን ያስከፍተዋል።

የአደራ ሳጥን ይህን አደጋ ከልጆች ያርቃል። ለዓመት በዓል ብቻ ለሚታሰሩ ሰዓቶች እሱን እመርጣለሁ። አይደፈርም ማለት ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2015፣ በፈረንጆች ፋሲካ ሰሞን፣ ዘራፊዎች በለንደኑ ሃተን ጋርደን ሰፈር የአንድ አደራ ጠባቂ ድርጅትን 50 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለውን የኮንክሪት ግድግዳ ሰርስረው 73 ሳጥኖችን ከፍተዋል። ስለዚህ ከኪራዩ በፊት መድኑ እስከ ስንት እንደሚሸፍን ይጠይቁ።

መንገድ ላይ ሁለቱም አያስጥሉም። የፎርሙላ ዋን የመኪና ተወዳዳሪው ላንዶ ኖሪስ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 ሰዓቱን የተነጠቀው ከለንደኑ ዌምብሌይ ስታዲየም ሲወጣ ነው። የትኛውንም ቢመርጡ የሰዓቱን መለያ ቁጥር፣ ፎቶና ደረሰኝ ከሰዓቱ ለይተው ያስቀምጡ፤ ነጋዴዎች ከመግዛታቸው በፊት ዘ ዋች ሬጅስተርን በመሰለ የተሰረቁ ሰዓቶች መዝገብ የሚያጣሩት በዚያ ቁጥር ነው።