ሌክሰስ አርኤክስ በወሎ ዳገት፦ ቤንዚኑ፣ ሃይብሪዱ ወይስ የሚሰካው?

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያች አጭር መንገድ ግን መኪናው 650 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። ሌክሰስ አርኤክስ ለመግዛት ቤንዚኑን፣ ሃይብሪዱንና ከሶኬት የሚሞላውን ለሚያማርጥ የወሎ ሰው በሁለቱ ከተሞች መካከል ካለው ከሐረጎ ዳገት የተሻለ መፈተኛ አይገኝም። ይህ ግምገማ ሦስቱም በክረምትም በበጋም ለወራት ከተነዱ በኋላ የተጻፈ ስለሆነ፣ ትኩረቱ የሽያጭ ወረቀት ላይ በማይገኘው ነገር ነው።

የምናወራው ከእ.ኤ.አ. 2023 ሞዴል ጀምሮ ስላለው አምስተኛ ትውልድ ነው፤ ቁጥሮቹም የአሜሪካ ገበያ ናቸው። 350 ባለ 2.4 ሊትር ተርቦ ቤንዚን ሲሆን 275 የፈረስ ጉልበትና 8 ማርሽ አለው። 350ኤች ተርቦ የሌለውን የ2.5 ሊትር ሞተር ከኤሌክትሪክ ሞተሮች ጋር አጣምሮ 246 ያወጣል። 450ኤች ፕላስ ያንኑ 2.5 ሊትር ይዞ፣ ከሶኬት የሚሞላ የ18.1 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ጨምሮ 304 ይደርሳል። በጥር 2016 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉ ከተነገረ ወዲህ ምርጫው ቀድመው ከገቡት መካከል ነው፤ ስለዚህ የቀድሞው ባለቤት አያያዝ ከሞዴሉ እኩል ይመዝናል።

መጀመሪያ ከፍታው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል ያንሳል፤ ተርቦ የሌለው ሞተርም ጉልበቱን በዚያው መጠን ያጣል። የ2.5 ሊትሩ ሞተር ብቻውን 190 ገደማ የፈረስ ጉልበት ስላለው፣ ደሴ ላይ የሚቀረው 140 አካባቢ ነው። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይፈልግ ምንም አይጎድልበትም፤ 350ኤች ከተማ ውስጥ ቀልጠፍ የሚለው ለዚህ ነው። ችግሩ ረጅም ዳገት ላይ ነው። አምስት ሰውና ሻንጣ ጭኖ ከኮምቦልቻ ወደ ላይ ሲወጣ ትንሿ ባትሪ ሐረጎን ሳትጨርስ ትዳከማለች፤ ከዚያ በኋላ ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ይጮኻል እንጂ መኪናው የዚያን ያህል አይፈጥንም። ይህ ብልሽት አይደለም። ጥንቃቄው ግን ግልጽ ነው፦ የባትሪው መለኪያ ከግማሽ በታች ከሆነ ዳገት ላይ ሲኖትራክ ለመቅደም አይሞክሩ። 350 የጎደለውን አየር በተርቦው ጨምቆ ስለሚያስገባ እንዲህ ዓይነት ድካም አያውቅም፤ በዳገት የሚስተካከለው ባትሪው ያልጎደለ 450ኤች ፕላስ ብቻ ነው።

ቁልቁለቱ ደግሞ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። 2.2 ቶን የሚመዝን መኪና 650 ሜትር ሲወርድ ወደ 4 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ኃይል ይለቃል። ግማሽ ያህሉን የጎማና የንፋስ መጎተት ይበላዋል፤ ከቀረው አብዛኛው ወደ ባትሪ ሊመለስ ይችላል። የ350ኤች ባትሪ ግን ትንሽ ስለሆነች ሐረጎን ወርደው ሳይጨርሱ ትሞላለች። ያኔ መኪናው ፍጥነቱን ለመያዝ የቤንዚን ሞተሩን ያለ ነዳጅ ያሽከረክረዋል፤ እግርዎ ነዳጅ ላይ ሳይኖር ሞተሩ ሲያጓራ የሚሰሙት ይህንን ነው። ካምቢዮ ሄደ ብለው ጋራዥ የሚሮጡ አሉ፤ ምንም አልሄደም። ማርሹን ዝቅ አድርገው ይውረዱ፤ ፍሬኑ ላይ ተኝቶ መውረድ ግን ሃይብሪድም ቢሆን ዲስኩን ያግለዋል።

የሚሰካውም ከዚህ አያመልጥም። ሌሊቱን ደሴ ሲሞላ አድሮ 100 በመቶ ይዞ ማለዳ ወደ ኮምቦልቻ ከወረደ፣ ከቁልቁለቱ የሚገኘውን የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። መፍትሔው ከመሙላቱ በፊት አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ መንቀል ነው። በቤት ሶኬት በ10 አምፒር በሰዓት 2.2 ኪሎዋት ሰዓት ስለሚገባ፣ አንድ ሰዓት ማስቀደም ለሐረጎ የሚበቃ ባዶ ቦታ ይተዋል። ሲመለስ ዳገቱ 7 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፤ ይህም ከባትሪው ሊሠራበት ከሚችለው ግማሽ ያህል ነው። ስለዚህ ደሴ የሚያድር 450ኤች ፕላስ ኮምቦልቻ ደርሶ ያለ ቤንዚን ይመለሳል። በአሜሪካ ልኬት በኤሌክትሪክ ብቻ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል መባሉ ለሜዳ ነው፤ ሐይቅ ደርሶ መልስ ጫፍ ላይ ነው፣ ሞተሩ መጨረሻ ላይ ቢነሣ አይገረሙ።

ነዳጅን በተመለከተ የአሜሪካው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ልኬት በ100 ኪሎ ሜትር ለ350 (በአራቱም ጎማ ለሚነዳው) 9.8 ሊትር፣ ለ350ኤች 6.5፣ ባትሪው ላለቀበት 450ኤች ፕላስ 6.7 ሊትር ነው። በዳገት ሦስቱም ከዚህ ይበልጣሉ፤ የእርስ በርስ ልዩነታቸው ግን ይቆያል። ደሴ–አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ስለሆነ በዚህ ስሌት 350 ወደ 39፣ 350ኤች 26 ሊትር ይፈልጋል። ለእኛ አገር ትልቁ ነጥብ ቁጠባው ብቻ አይደለም፤ ማደያ ላይ የሚቆሙበት ቀን ብዛት ነው። 350ኤች 65 ሊትር ስለሚይዝ አንዴ ሞልቶ አዲስ አበባ ደርሶ የመመለስ ዐቅም አለው። 350 በ67.5 ሊትር ያንን አያደርግም። 450ኤች ፕላስ ጋኑ 55 ሊትር ብቻ ነው፤ ለደርሶ መልሱ በስሌት ይበቃል፣ በመንገዱ ዳገት ግን አያስተማምንም። ደግሞም የሚሰካው ጋኑ በግፊት የታሸገ ስለሆነ የነዳጅ ክዳኑን የሚከፍተውን ቁልፍ ተጭነው ጥቂት ሴኮንድ መጠበቅ አለብዎት፤ ቀጂው በችኮላ በጣቱ እንዳይፈለቅቀው ቀድመው ይንገሩት።

የሚሰካውን ለሚያስብ ሰው ከዋጋው በፊት የሚመጣ ጥያቄ አለ፦ መኪናው የት ያድራል? ግቢ ውስጥ ካላደረና የራሱ መስመር ከሌለው፣ የሚሰካው ማለት ከባድ ባትሪ የተሸከመ ሃይብሪድ ነው። በ16 አምፒር መሙላት 3.5 ኪሎዋት ይስባል፤ ያም የእንጀራ ምጣድ ለሰዓታት ሳይነቀል እንደ ማዋል ነው። ስለዚህ ከምጣዱ መስመር ላይ አይሰኩት። ከቆጣሪው በቀጥታ የሚመጣ የራሱ መስመር፣ ለ16 አምፒር ቢያንስ 2.5፣ መንገዱ ረዘም ካለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ገመድ፣ የራሱ ብሬከርና መሬት የተቀበረ ግራውንድ ያሠሩ። መኪናው የሚቀበለውን 6.6 ኪሎዋት በሙሉ ለመጠቀም ከፈለጉ 32 አምፒርና 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ ያስፈልጋል፤ ለአንድ ሌሊት ግን 10 አምፒር ይበቃል። «አልሞላ አለኝ» የሚባለው ችግር አብዛኛውን ጊዜ ከመኪናው ሳይሆን ከግራውንድ ነው፤ የመሙያው ሳጥን ግራውንድ ካጣ ቀይ መብራት አብርቶ እምቢ ይላል። ግራውንዱን ለማታለል ከኒውትራል (ከመመለሻው ገመድ) ጋር የሚያገናኙ ባለሙያዎች አሉ፤ ይህ የመኪናውን አካል በኤሌክትሪክ ሊያስይዝ ስለሚችል ፈጽሞ አይፍቀዱ። ከአሜሪካ በመጣ መኪና የመሙያው ሳጥን ላይ የተጻፈውን ቮልት ያንብቡ፤ 120 ብቻ የሚል ከሆነ የእኛ 220 ላይ አይሰካም። ሶኬቱንም በየሳምንቱ በእጅ ነክተው ይዩ፤ ከሞቀ ላልቷል ማለት ነው፣ ይቀየር።

ወደ ጥገናው ስንመጣ፣ 350ኤችና 450ኤች ፕላስ ሞተሪኖም ዲናሞም ቺንጊያም የላቸውም። ይህ የሚበላሸውን ነገር በብዙ ይቀንሳል። ሞተራቸው ከአዲሶቹ ራቭ4 እና ካምሪ ሃይብሪዶች ጋር አንድ ቤተሰብ ስለሆነ መለዋወጫ ፍለጋው እንደ ስሙ ቅንጦት አያስፈራም። ዘይቱ 0ደብሊው-16 ነው፤ ወፍራም ዘይት ይሻላል የሚለውን ምክር አይስሙ። ተርቦው ያለው 350 ግን ለዘይት ጥራት በጣም ስሱ ነው፤ በእኛ ዳገትና አቧራ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ መቀየር አይበዛበትም፣ ከዳገት እንደወጡም ወዲያው አያጥፉት።

የ350ኤች ባትሪ የምትቀዘቅዘው ከኋላ መቀመጫ ሥር በሚገባ አየር ነው። ኮረኮንች መንገድ የሚበዛበት ሰው መተንፈሻውን በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ ማጽዳት አለበት፤ ጋቢ ወይም ፌስታል ከተጣለበት ባትሪዋ ትግላለች፣ ዕድሜዋም ያጥራል። የ450ኤች ፕላስ ባትሪ ደግሞ የሚቀዘቅዘው በኤሲው ጋዝ ነው፤ ስለዚህ የጋዝ መፍሰስ እንደ ምቾት ጉዳይ አይታይም፣ የባትሪ ጉዳይ ነው። ኤሲ ሲሞላ ፒኦኢ የሚባለው ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ዘይት ብቻ ይግባ፤ ተራው የፓግ ዘይት ከገባ ኮምፕረሰሩ ኤሌክትሪክ ማፍሰስ ይጀምራል፣ መኪናውም ይቆማል።

ክረምት ላይ ዋልካ ለሚያቋርጥ ሰው፦ በሁለቱ ሃይብሪዶች ወደ ኋላ ጎማ የሚሄድ ዘንግ የለም፤ የኋላውን የሚያዞረው የራሱ ኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ከእርጥብ አስፋልትና ከአጭር ጭቃ በደንብ ያወጣል። ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ለብዙ ደቂቃ ማሽከርከር ግን ያግለዋል፤ ያኔ ራሱን ይቀንሳል። ለዚህ በአራቱም ጎማ የሚነዳው 350 የተሻለ ነው። ለሦስቱም ባለ 19 ኢንች ቸርኬውን ይምረጡ፤ የ21 ኢንቹ ጎማ ጎኑ ስስ ስለሆነ ጉድጓድ ቸርኬውን ያጣምመዋል። የሃይብሪዶቹ ፍሬን ሸራ ብዙም ስለማይሠራ አያልቅም፤ ነገር ግን ሸራውን የሚጨብጠው የካሊፐሩ ፒን ይነክሳል። ከክረምት በኋላ አስፈትተው ቅባት ያስቀቡት።

የ12 ቮልቱ ባትሪ በሃይብሪድ ሞተር አያስነሣም፤ ኮምፒውተሮቹን ነው የሚቀሰቅሰው። ሦስት ሳምንት ያለ ሥራ ከቆመ መኪናው ሊሞት ይችላል። በካቦ ሲያስነሡ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን ማሳሳት ውድ ክፍል ያቃጥላል፤ 24 ቮልት ካለው የጭነት መኪና ደግሞ በፍጹም አይቀበሉ፣ አይስጡም። የሚሰካውን ሁልጊዜ በኤሌክትሪክ የሚነዳ ሰው ቤንዚኑ ጋን ውስጥ እንዳያረጅ በዓመት ቢያንስ 20 ሊትር አዲስ ነዳጅ ይጨምር።

ምርጫችን ይህ ነው፦ ደሴና ኮምቦልቻ መካከል በየቀኑ ለሚመላለስ፣ ግቢና ግራውንድ ላለው፣ 450ኤች ፕላስ። ወልድያ፣ ላሊበላና አዲስ አበባ ለሚያዘወትር 350ኤች፣ ያለ ማመንታት። 350ን የምንመክረው ሙሉ ጭኖ ዳገት ለሚውልና የነዳጅ ሰልፍ ለማያሳስበው ብቻ ነው።

ሃይብሪዶቹን ሲገዙ የመመርመሪያ ኮምፒውተር ያለው ባለሙያ ይዘው ይሂዱ። ሐረጎን አስወጥቶ የባትሪውን ክፍሎች ቮልት ጎን ለጎን ያንብብ፤ ቆሞ እኩል የነበሩት በዳገቱ ጭነት አንዱ ከሌሎቹ ለብቻው ከወደቀ አይግዙ። የኋላውን ምንጣፍ ገልጠው የጭቃ መስመር ወይም የዛገ ብሎን ካዩ ውኃ ገብቶበታል። ከፍተኛ ቮልት የሚያልፍበትን ብርቱካናማ ገመድ የነካካ እጅ እንዳለም ይጠይቁ፤ ትልቁን ባትሪ የሚያቋርጠውን የደኅንነት ሶኬት ነቅሎ 10 ደቂቃ ሳይጠብቅ ከሚሠራ ጋራዥ የወጣን መኪና መተው ይሻላል።