የቬትናም ዘማቾች መታሰቢያ፦ ካሜራ ይዞ ለሚሄድ ሰው

ዋሽንግተን ዲሲ ያለው የቬትናም ዘማቾች መታሰቢያ በእግር ለሚያልፍ ሰው ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። ካሜራ ይዞ ለሚሄድ ግን ግማሽ ቀንም አይበቃም። ዋናው ነገር ግንቡ ብቻ አይደለማ፤ ግንቡ ፊት የሚቆመው ሰው ነው።

መግቢያው በነፃ ነው፣ ቀንም ሌሊትም ክፍት ነው። ወደ መሬት ዝቅ እያለ በሚሄድ መንገድ ዳር የቆመ፣ የተወለወለ ጥቁር ግራናይት ነው፤ ሁለት ክንፍ አለው፣ እያንዳንዱ 75 ሜትር ገደማ። ከ58 ሺህ በላይ የሞቱና የጠፉ አሜሪካውያን ስም ተቀርጾበታል። ንድፉን የሠራችው ማያ ሊን እ.ኤ.አ. በ1981 ውድድሩን ስታሸንፍ ገና የ21 ዓመት ተማሪ ነበረች። መታሰቢያው በ1982 ተመረቀ። ያኔ ጥቁር መሆኑን እንደ ውርደት ቆጥረው አጥብቀው የተቃወሙት ጥቂት አልነበሩም።

ስሞቹ በፊደል ተራ አይደሉም። ሰዎቹ በወደቁበት ቀን ቅደም ተከተል ነው የተደረደሩት፣ ስለዚህ አንድ ቀን አብረው የሞቱ ጓደኛሞች ተቀራርበው ነው ያሉት። ስም ፈልጎ የመጣ ሰው መጀመሪያ ማውጫውን ያያል፣ ከዚያ ጣቱን በመስመሩ ላይ እያስኬደ ይሄዳል፣ ያልፈዋል፣ ይመለሳል፣ ድንገት ጣቱ ቀጥ ይላል። ለእኔ ከእንባው ይልቅ ፎቶው ይሄ ነው። ብዙዎች ደግሞ ወረቀት ስሙ ላይ አድርገው በእርሳስ እያሹ ቅጂውን ይወስዳሉ። በዚያ ሰዓት እጃቸውን ብቻ ፎቶ ብታነሱ ፊታቸውን ሳታሳዩ ሁሉንም ነገር ትናገራላችሁ።

ድንጋዩ ስለሚያንጸባርቅ ሰውየውን ከጀርባው ሆናችሁ ስታነሱት ፊቱ በስሞቹ መካከል ይታያል። እዚህ ላይ ግን ካሜራው ያስቸግራል። ጥቁሩን አይቶ ፎቶውን ከልክ በላይ ያበራዋል፣ ስለዚህ የካሜራውን የብርሃን ማስተካከያ ራሳችሁ ቀንሱት። ሌላው ፎከስ ነው፤ ነጸብራቁ ያለው ሰውየው ከድንጋዩ የራቀውን ያህል ከድንጋዩ በስተጀርባ ርቆ ስለሆነ፣ ሌንሱን በሰፊው ከከፈታችሁት ወይ ስሙ ወይ ፊቱ ይደበዝዛል። የሌንሱን ቀዳዳ የሚያጠብበው ቁጥር ኤፍ 8 ወይም ከዚያ በላይ ቢሆን ይሻላል። የመዝጊያውን ድምፅም አጥፉት፣ ፍላሽማ ጭራሽ አይታሰብ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። ቦታው በጣም ክፍት ነው፣ አልቅሳ የቆመች አሮጊት ፊት ላይ ትልቅ ሌንስ ብትደግኑ "ተው" የሚላችሁ አይኖርም። አንዱ ከሩቅ ተደብቆ እንዲህ ሲያነሳ አይቻለሁ፣ ሴትየዋ ቀና ስትል አየችው፣ ወረቀቷን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ሄደች። የመጣችበትን ሳትጨርስ! ፖላንድ ባለው የናዚዎች የግድያ ካምፕ በኦሽዊትዝ፣ የተገደሉት ሰዎች ፀጉር ባለበት ክፍልና የካምፑ እስር ቤት በነበረው በብሎክ 11 ምድር ቤት ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው፣ ስለዚህ እዚያ ደንቡ ራሱ ያግዛችኋል። እዚህ ግን ህሊናችሁ ብቻ ነው ያለው። አደባባይ ላይ ማንሳት ይፈቀዳል የሚለው ክርክር ለእኔ አይዋጥልኝም፤ ሕጉ ስለፈቀደ ሰውየው ፈቅዷል ማለት አይደለም።

እኔ የምመክረው አጭር ሌንስ ነው፣ 35 ሚሊሜትር ይበቃል። ቅርብ ስለምትሆኑ ሰውየው ያያችኋል፣ ካልፈለገ ፊቱን ያዞራል፣ ጨዋታው እዚያ ላይ ያበቃል። ፊቱ በግልጽ የሚለይ ፎቶ ካነሳችሁ ደግሞ ትንሽ ጠብቁ፣ ከግንቡ ሲርቅ ቀርባችሁ አሳዩትና ጠይቁት። አጥፋው ካለ እሱ እያየ አጥፉት። ብዙዎቹ ግን ላክልኝ ነው የሚሉት፣ ስለ ሟቹም ራሳቸው ማውራት ይጀምራሉ።

ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ ያለችውን ትንሽ ምልክትም ልብ በሉ። የአልማዝ ቅርጽ ከሆነ መሞቱ ተረጋግጧል፣ መስቀል ከሆነ ሲቀረጽ የደረሰበት አልታወቀም ነበር። አጽሙ ተገኝቶ ሲለይ መስቀሉ ላይ አልማዙ ይደረብበታል። መስቀል ብቻ ካለው ስም ፊት የቆመን ዘመድ እኔ አላነሳም፣ ገና እየጠበቀ ሊሆን ይችላል።

በሰዓት በኩል ማለዳ ሂዱ። ረፋድ ላይ የተማሪዎች ጉዞ ሲጀምር ጫጫታ ይሆናል፣ ሐዘንተኞቹም አይቆዩም። ጊዜ ከተረፋችሁ እ.ኤ.አ. በ1993 የቆመው የሴት ዘማቾች ሐውልት እዚያው አቅራቢያ ነው፣ ነርሶቹን ለማስታወስ የሚመጡ ሰዎች ስለማይጣደፉ ማናገሩም ይቀላል።