ለቱርቦ መኪናዬ ትክክለኛውን ካንዴላ ለመረጡልኝ የጎንደር መካኒክ የቀረበ ምስጋና

ይህን የምጽፈው ከአዘዞ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ዳር አነስተኛ ጋራዥ ያላቸውን አንድ አንጋፋ መካኒክ በአደባባይ ለማመስገን፣ እንዲሁም ቱርቦ (አየር ጠቅጥቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ያለው መኪና ለምትይዙ የከተማችን ነዋሪዎች ለመጠቆም ነው። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈቀዱ፣ ደንበኞቻቸው ሁሉ እንደምንጠራቸው «ጋሼ» እያልኩ እቀጥላለሁ።

መኪናዬ ባለ 2.0 ሊትር ቱርቦ ሱባሩ ኢምፕሬዛ ነው። ከእኔ በፊት ይዞት የነበረው ሰው የሞተሩን ኮምፒውተር ፕሮግራም አስቀይሮ የቱርቦውን ግፊት ከፋብሪካው ልክ በላይ አስደርጎታል። ካለፈው ክረምት ወዲህ ከባሕር ዳር ስመለስ፣ አዲስ ዘመንን አልፌ ዳገቱን ስይዝ፣ ነዳጅ በረገጥኩ ቁጥር ጠጠር በቆርቆሮ ላይ ሲፈስ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ከሞተሩ ይወጣና ጉልበቱ ይወርዳል። በሌላ ከተማ ያለ ጋራዥ «ለቱርቦ ቀዝቃዛ ካንዴላ ነው የሚያስፈልገው» ብሎ አራቱንም ካንዴላዎች (በሲሊንደሩ ውስጥ እሳት ፈንጥቀው ነዳጁን የሚለኩሱትን) ቀየረልኝ፤ ድምፁ ግን ባሰበት። በመጨረሻ አንድ ወዳጄ የመከረኝን ባለ 9 ቁጥር፣ ኤንጂኬ የተባለ ካንዴላ አራት ገዝቼ፣ እንዲገጥሙልኝ ብቻ ወደ ጋሼ ሄድኩ።

እርሳቸው ግን ዕቃውን ተቀብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና፣ «ልጄ፣ የሚወጣውን ሳላይ የሚገባውን አልነግርህም» አሉኝ። የዚያን ዕለት አልነኩትም፤ የአሉሚኒየም ቴስታ (ካንዴላው የሚጠመድበት የሲሊንደሩ ክዳን) ጥርስ በግለቱ ካንዴላ ሲፈታበት ሊላጥ ስለሚችል መኪናውን አሳድረው በማግስቱ ጠዋት ሥራውን ጀመሩ። የሱባሩ ፒስተኖች ጎን ለጎን ተኝተው ስለሚሠሩ ካንዴላዎቹ የሚገኙት በሞተሩ ግራና ቀኝ፣ ከቻሲው አጠገብ ነው፤ ባትሪውንና የአየር ማጣሪያውን ቤት ሳያወጡ እጅ በወጉ አይገባም። አራቱን አውጥተው በጋዜጣ ላይ በየሲሊንደራቸው ቁጥር ደረደሩና በማጉያ መነጽር አንድ በአንድ ተመለከቷቸው።

ለእኔም አሳዩኝ። ደህና የሚሠራ ካንዴላ ነጩ ሸክላው ቀለል ያለ ቡናማ ወይም ግራጫ ሊመስል ይገባዋል። የእኔዎቹ ኖራ መስለው ነጥተዋል፤ በሸክላው ጫፍ ላይ የስኳር ቅንጣት የሚያህሉ እብጠቶች ወጥተዋል፤ የብረቱም ጠርዝ ተበልቶ ዶልዱሟል። ይህ ሁሉ ጫፉ ከመጠን በላይ የመጋሉ ምልክት ነው።

«ቀዝቃዛ» የተባለው ካንዴላ እንዴት ሊግል ቻለ? ምስጢሩ ያለው በቁጥሩ ላይ ነበር። በኤንጂኬ እና በዴንሶ ምርቶች ቁጥሩ በጨመረ መጠን ካንዴላው ቀዝቃዛ ይሆናል፤ በቦሽ እና በቻምፒዮን ግን በተቃራኒው ቁጥሩ ሲጨምር ሙቅ ይሆናል። ቀደም ሲል የገጠመልኝ ባለሙያ 8 የሚል ቁጥር አይቶ ቀዝቃዛ መስሎት፣ አቆጣጠሩ የተገላቢጦሽ የሆነ ምርት ኖሯል ያስገባልኝ፤ ሞተሩ ከፋብሪካ ከወጣበት እንኳ የባሰ ሙቅ ካንዴላ። ለዚህ አንድ ማብራሪያ ብቻ እንኳ ምስጋናዬ አያልቅም።

«ቀዝቃዛ» እና «ሙቅ» ሲባል የሚፈነጥቀው እሳት ይለያያል ማለት እንዳልሆነም አስረዱኝ። ልዩነቱ ካንዴላው ከጫፉ የተቀበለውን ሙቀት ወደ ቴስታው የሚያስተላልፍበት ፍጥነት ነው፦ የሸክላው አፍንጫ አጭር ከሆነ ሙቀቱ ቶሎ ያልፋል፤ ረጅም ከሆነ ጫፉ ላይ ይቆያል። ጫፉ ከ450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በታች ከሆነ ጥቀርሻውን አቃጥሎ ራሱን ማጽዳት አይችልም፤ ከ800 ዲግሪ በላይ ሲወጣ ደግሞ እሳቱ ሳይፈነጥቅ በፊት ነዳጁን ራሱ ይለኩሰዋል፣ ይህም ፒስተን እስከ መብሳት ይደርሳል። በዚህ ምክንያት የእኔን ባለ 9 ቁጥሮች አልተቀበሏቸውም። ይህን ያህል ቀዝቃዛ ካንዴላ ከማራኪ ፒያሳ፣ ከፒያሳ አራዳ እየተመላለሰ ለሚውል መኪና ጥቀርሻ ይዞ እሳት ያጠፋል እንጂ አይጠቅምም።

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ አየሩ ሳስቶ ሞተሩን አያቀዘቅዝልኝም ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። መልሳቸውን እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ፦ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ የአየሩን አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል፤ ቱርቦ ግን የጎደለውን ጠቅጥቆ ይሞላል፣ ሳስቶ የመጣውንም አየር ለመጠቅጠቅ ይበልጥ ስለሚለፋ ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር የባሰ ይሞቃል። ስለዚህ በከፍታው ተማምኖ ሙቅ ካንዴላ መግጠም ስሕተት ነው።

ከዚያ የአራቱን ሲሊንደሮች ኮምፕሬሽን (ፒስተኑ አየሩን የሚጠቀጥቅበትን ግፊት) ለኩ፤ የተቀራረበ ሆነ። የቱርቦውን ግፊት በግፊት መለኪያ ሲለኩት 1.2 ባር ደረሰ። በልማድ ከ75 እስከ 100 የፈረስ ጉልበት ለተጨመረበት ሞተር አንድ ደረጃ የቀዘቀዘ ካንዴላ በቂ መሆኑን ነግረውኝ፣ ከፋብሪካው 6 ቁጥር ወደ ኤንጂኬ 7 ብቻ እንድሸጋገር ወሰኑ፤ በዴንሶ ቢሆን 22 ማለት ነው። የእሳቱንም ክፍተት አስተካከሉ። በአዲሶቹ ባለ 7 ቁጥሮች ካርቶን ላይ ከኮዱ መጨረሻ 11 የሚል ነበር፤ 1.1 ሚሊሜትር ማለት ነው። ግፊት የበዛበት አየር እሳት እንዲዘል ከፍ ያለ ቮልቴጅ ስለሚፈልግ፣ ቀጭኑን የኢሪዲየም መርፌ ሳይነኩ የላይኛውን ብረት ብቻ እያጎነበሱ ወደ 0.7 አወረዱት። ሲያስገቡም ካንዴላውን በቁራጭ የነዳጅ ጎማ ጫፍ ሰክተው በጣታቸው አዞሩት፤ ጥርሱ ከተጣመመ ጎማው ይንሸራተታል እንጂ ቴስታውን አያበላሽም። የመጨረሻውን ማጥበቅ በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ መፍቻ) ጨረሱ።

ይህ ሁሉ ሆኖ፣ ካንዴላ የተሳሳተ ፕሮግራም መድኃኒት አለመሆኑን አጥብቀው አሳሰቡኝ። ግፊቱን እስካስተካክል ድረስ ዳገት ላይ እንዳልጨክንበት ነገሩኝ፤ እኔም በሳምንቱ ወደ ፋብሪካው ልክ አስመለስኩት። 500 ኪሎ ሜትር ከነዳሁ በኋላ ተመልሼ ሄድኩና አንዱን አውጥተው አሳዩኝ፤ ሸክላው ቀለል ያለ ቡናማ ሆኗል። አዲስ ዘመን ዳገት ላይ ያ የጠጠር ድምፅ ዳግም አልተሰማኝም። ያስከፈሉኝ የእጃቸውን ዋጋ ብቻ ሲሆን፣ ባለ 9ኞቹን ካርቶናቸው ሳይከፈት ለሻጩ እንድመልስ መከሩኝ።

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትሄዱ አሮጌ ካንዴላዎቻችሁን ከየትኛው ሲሊንደር እንደወጡ ምልክት አድርጋችሁ ያዙ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እነርሱን ነውና።