ሳውንድ ባር፣ ባለ አምስት ስፒከር ሆም ቴአትር ወይስ ሁለት ስፒከር ከአምፕሊፋየር ጋር? ለባህር ዳር ሳሎን የሚስማማውን ለመምረጥ

ቴሌቪዥኖች እየሳሱ በመጡ ቁጥር በውስጣቸው የሚገጠመው ስፒከርም እያነሰ፣ አብዛኛውን ጊዜም ፊቱን ወደ ታች ወይም ወደ ግድግዳ አዙሮ እየተቀመጠ በመምጣቱ፣ ምስሉ ጥርት ብሎ እየታየ የሚነገረው ግን የማይለይበት ቤት በዝቷል። በባህር ዳር ይህ ችግር ከየካቲት እስከ ግንቦት ባሉት ሞቃት ወራት ይብሳል፤ መስኮት ተከፍቶ ያመሻል፣ ቬንትሌተር ያለማቋረጥ ይሽከረከራል፣ የባጃጅ ድምፅም ከመንገድ ይገባል። ይህ ሁሉ ድምፅ ቀድሞ የሚሸፍነው እንደ ሰ፣ ሸ እና ፈ ያሉትን ጉልበታቸው አነስተኛ የሆነ ቀጫጭን ድምፆች ነው። አንዱን ቃል ከሌላው የምንለየው በአብዛኛው በእነዚህ በመሆኑ፣ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ ማድረግ ጩኸቱን ይጨምራል እንጂ ንግግሩን አያጠራም።

በዚህ ንጽጽር ሦስት ዓይነት የጀማሪ ዕቃዎችን ጎን ለጎን አቀርባለሁ። አንደኛው ከቴሌቪዥኑ ሥር የሚቀመጠውና ብዙውን ጊዜ ለብቻው የሚቆም ሳብዉፈር (ወፍራሙን ድምፅ ማለትም ቤዙን የሚያወጣ ሳጥን) ያለው ሳውንድ ባር ነው። ሁለተኛው አምስት ስፒከርና አንድ ሳብዉፈር በአንድ ካርቶን ይዞ የሚሸጠው፣ 5.1 የሚባለው ሆም ቴአትር ነው። ሦስተኛው ሁለት የመደርደሪያ ስፒከሮች ከአነስተኛ አምፕሊፋየር ጋር ናቸው። ሦስቱንም የምመዝናቸው በቅድሚያ የሰውን ንግግር በማጥራት ችሎታቸው ነው፤ የፍንዳታ ድምፅ ሱቅ ውስጥ ገዢን ይማርካል፣ ቤት ውስጥ ግን ከዜና እስከ ድራማ በየዕለቱ የሚደመጠው የሰው ድምፅ ነው። ዋጋ በብር አልጠቅስም፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የሱቅ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር፣ ዛሬ የተጻፈ ቁጥር ነገ ገዢን ያሳስታል።

ንግግሩ ከየት ይምጣ?

በ5.1 የተቀናበረ ፊልም አብዛኛውን ንግግር የሚልከው በመሐል ቻናል፣ ማለትም ለመሐል ስፒከር በተለየ የድምፅ መስመር ነው። ባለ አምስት ስፒከሩ ሆም ቴአትር ለዚህ የሚሆን ራሱን የቻለ የመሐል ስፒከር አለው፤ ሁለት ስፒከርና አምፕሊፋየር ያለው ቤት ይህ የለውም፤ ሳውንድ ባር ግን እንደ ዓይነቱ ይለያያል። ካርቶኑ ላይ 2.0 ወይም 2.1 የተጻፈበት በግራና በቀኝ ብቻ የሚሠራ ሲሆን፣ 3.1 የተጻፈበት በመካከሉ ለንግግር የተለየ ስፒከር ይዟል። ሁለቱ ከውጭ ሲታዩ ስለሚመሳሰሉ፣ ገዢው ከመልኩ ይልቅ ቁጥሩን እንዲያይ አጥብቄ እመክራለሁ።

በእርግጥ ሁለት ስፒከሮች እኩል ድምፅ ሲያወጡ ንግግሩ ከመካከላቸው የሚመጣ መስሎ ይሰማል፤ ይህ የሚሆነው ግን አድማጩ ከሁለቱም እኩል ርቀት ላይ ከተቀመጠ ነው። ወደ አንዱ ጠጋ ብሎ የተቀመጠ ሰው ድምፁ ሁሉ ከቅርቡ ስፒከር የሚወጣ ይመስለዋል። የእኛ ሳሎን ደግሞ ሶፋው በሦስት ግድግዳ ዙሪያ የሚደረደርበት፣ እንግዳ ሲበዛ ዱካ የሚጨመርበት፣ ቡና የምታፈላዋም ከጥግ ሆና የምትከታተልበት በመሆኑ፣ እኩል ርቀት ላይ የሚገኘው ከአንድ ወይም ከሁለት ሰው አይበልጥም። ለመላው ቤተሰብ የሚገዛ ዕቃ የመሐል ስፒከር ሊኖረው ይገባል የምለው ለዚህ ነው።

የባለ አምስት ስፒከሩ ድክመት የሚመጣው ከስፒከሮቹ ትንሽነት ነው። በጀማሪ ዋጋ ስድስት ሳጥን ለማቅረብ ሲባል ብዙ ጊዜ እጅግ ትንንሽ የፕላስቲክ ስፒከሮች ይገጠማሉ፤ እነዚህም ከ150 ሄርዝ (የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ይወፍራል) አካባቢ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ በሚገባ ማውጣት ስለማይችሉ ያንን ድርሻ ሳብዉፈሩ ይወስዳል። የአዋቂ ወንድ ድምፅ መነሻው ከ85 እስከ 180 ሄርዝ ባለው ክልል ውስጥ ነው። በመሆኑም ሳብዉፈሩ ከሶፋው ጎን ወይም ከበሩ ኋላ ከተቀመጠ፣ የዜና አንባቢው ድምፅ ለሁለት ይከፈልና ቀጭኑ ከቴሌቪዥኑ፣ ወፍራሙ ከጥጉ ይመጣል። ጆሮ ከ80 ሄርዝ በታች የሆነ ድምፅ ከየት እንደሚመጣ ለመለየት ይቸገራል፤ ከዚያ ከፍ እያለ ሲሄድ ግን በቀላሉ ይለያል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሆም ቴአትር የገዛ ሰው ሳብዉፈሩን ከፊት ለፊት፣ ከቴሌቪዥኑ በአንድ ሜትር ገደማ ርቀት ቢያስቀምጠው ትልቅ ለውጥ ያገኛል። በጣም ቀጫጭን ሳውንድ ባሮችም ይኸው ድክመትና ይኸው መፍትሔ አላቸው።

አንድ ነገር ደግሞ ለሦስቱም ይሠራል። የመሐል ስፒከር ወይም ሳውንድ ባር ቡፌ ውስጥ ተገፍቶ ሲቀመጥ ድምፁ በሣጥኑ ውስጥ እየተመላለሰ ይደፈርሳል፤ ከመደርደሪያው ጠርዝ ጋር እኩል እንዲሆን ወደ ፊት መምጣት፣ ዝቅ ካለም ፊቱ ወደ ተቀማጩ ጆሮ ቀና ማለት አለበት። ዳንቴል የቤት ጌጥ ነውና ሊከበር ይገባዋል፤ ይሁን እንጂ በስፒከሩ ፊት ሲወርድ፣ ወይም የአበባ ማስቀመጫና የፎቶ ፍሬም ከፊቱ ሲደረደር፣ በቅድሚያ የሚጠፉት እነዚያው ቀጫጭን ድምፆች ናቸው። ንግግር አሁንም ደከም ካለ፣ በማስተካከያው የመሐል ስፒከሩን ብቻ 2 ወይም 3 ዴሲቤል (የድምፅ ጥንካሬ መለኪያ) ከፍ ማድረግ ከጠቅላላው ድምፅ መጨመር ይሻላል። ሁለት ስፒከር ብቻ ያለው ቤት ይህን ማድረግ አይችልም።

የዙሪያ ድምፅ

ገንዘቡን ለአምስት ስፒከር የሚከፍል ሰው በቅድሚያ የሚያየው ነገር ከየት እንደሚመጣ ራሱን ሊጠይቅ ይገባል። በዲሽ የሚገቡት አብዛኞቹ ነጻ ጣቢያዎችና አብዛኛው የዩቲዩብ ይዘት በሁለት ቻናል ብቻ የተዘጋጁ ናቸው፤ የኋላዎቹ ስፒከሮች በእነዚህ ላይ የሚያሰሙት ከሁለቱ ቻናል ተሰልቶ የወጣ ድምፅ ነው። እውነተኛ 5.1 የሚገኘው በዲቪዲና በብሉሬይ፣ በኢንተርኔት ፊልም አገልግሎቶች እንዲሁም በፍላሽ በሚጫኑ አንዳንድ ፊልሞች ነው። ቤተሰቡ የሚያየው በአብዛኛው የአገር ውስጥ ጣቢያዎችን ከሆነ፣ ለኋላ ስፒከሮች የሚወጣው ገንዘብ ብዙውን ጊዜ ሥራ ፈቶ ይቀመጣል።

ፊልም ወዳድ ለሆነ ቤት ግን ትክክለኛ አቀማመጥ ያገኘ ባለ አምስት ስፒከር ከሦስቱ የሚተካከለው የለም። ከአድማጩ ሲታይ የፊት ግራና ቀኝ ስፒከሮች ከመሐሉ መስመር 30 ዲግሪ ገደማ፣ የኋላዎቹ ደግሞ ከ100 እስከ 120 ዲግሪ እንዲሆኑ ነው የሚመከረው። ይህም ማለት የኋላዎቹ ከተቀማጩ ጎን ትንሽ ወደ ኋላ እንጂ በቀጥታ ከጀርባው አይደሉም፤ ሶፋው ከግድግዳ ጋር ለተጣበቀበት ሳሎን ይህ መልካም ዜና ነው፤ ከጎን ባሉት ግድግዳዎች ላይ፣ ከተቀማጭ ጆሮ ከግማሽ ሜትር በላይ ከፍ አድርጎ መስቀል ይቻላል። ብዙ ቤት የሚታየው ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ ገመዱ አጠረ ተብሎ አምስቱም ስፒከሮች በቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ ይደረደራሉ፤ ይህ የዙሪያውን ድምፅ ከፊቱ ጋር ስለሚቀላቅለው ንግግሩን ጭምር ያበላሻል። ገመድ ለማስረዘም ለመብራት መስመር የሚውለው ባለ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ መዳብ ሽቦ እስከ 8 ሜትር ድረስ ያለ ችግር ያገለግላል።

ሳውንድ ባር ያለ ኋላ ስፒከር የዙሪያ ድምፅ እሰጣለሁ ሲል ድምፁን ከጎን ግድግዳዎች ወይም ከኮርኒስ ላይ በማንጠር ነው። ለዚህ በግራም በቀኝም ቅርብና ጠንካራ ግድግዳ ያስፈልጋል፤ አንዱ ወገን ወደ ምግብ ክፍል ወይም ወደ በረንዳ ክፍት የሆነ ሳሎን ግማሹን ያጣዋል። አትሞስ የሚባለውን፣ ወደ ላይ የሚተኩስ ስፒከር ያለውን ዓይነት ለመግዛት ያሰበ ሰው ደግሞ በመጀመሪያ ቀና ብሎ ኮርኒሱን ይመልከት። ከ2.3 እስከ 4.3 ሜትር ከፍታ ያለው ጠፍጣፋ የጂፕሰም ወይም የኮንክሪት ኮርኒስ ድምፅን በሚገባ ይመልሳል፤ የአቡጀዲ ወይም የማዳበሪያ ከረጢት ኮርኒስ ግን አብዛኛውን ስለማይመልስ፣ ለዚህ ተጨማሪ መክፈል ተገቢ አይመስለኝም።

ወፍራሙ ድምፅ

ሳብዉፈርን በተመለከተ ከዕቃው እኩል ወሳኙ ክፍሉ ነው። ርዝመቱ 4 ሜትር በሆነ ሳሎን ውስጥ 43 ሄርዝ ገደማ የሆነ ድምፅ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል እየተመላለሰ ይጠራቀማል፤ በግድግዳው ጥግ የተቀመጠ ሰው ያንን ድምፅ አለቅጥ ሲሰማ፣ በመካከል ያለው ከናካቴው ሊያጣው ይችላል። ጥግ ላይ የተቀመጠ ሳብዉፈር ይህንን ያባብሳል። ተገቢውን ቦታ ለማግኘት የሚረዳው ዘዴ ቀላል ነው፤ ሳብዉፈሩን ዘወትር በሚቀመጡበት ሶፋ ላይ አድርገው ቤዝ ያለው ሙዚቃ ይክፈቱ፣ ከዚያም በፊት ግድግዳው በኩል ጎንበስ እያሉ ይዘዋወሩ፤ ቤዙ ሳይጎረብጥ እኩል የሚሰማበትን ቦታ ሲያገኙ ሳብዉፈሩን እዚያ ያኑሩት። በኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው ደግሞ ወፍራም ድምፅ በወለሉ በኩል ወደ ታችኛው ጎረቤት እንደሚያልፍ ማሰብ የጉርብትና ግዴታ ነው፤ ከሥሩ ወፍራም ስፖንጅ ማድረግ ንዝረቱን ይቀንሳል፣ ማታ ማታ ደግሞ ናይት የሚለውን፣ ድንገተኛ ጩኸትን የሚያለዝበውን ማስተካከያ መጠቀም ይበጃል። በዚህ ረገድ ቤዛቸው ልከኛ የሆነው ሁለቱ የመደርደሪያ ስፒከሮች ለአፓርታማ ኑሮ ከሁሉም ይስማማሉ።

በክረምት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ግን ከሦስቱ አንዳቸውም አያሸንፉትም።

ገመድና ማስተካከያ

ከሁሉ የሚሻለው ግንኙነት ኤአርሲ የሚል ምልክት ባለበት የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ የሚደረገው ነው። ይህ አሠራር በኤችዲኤምአይ 1.4 በ2009 እ.ኤ.አ. የመጣ ሲሆን፣ ድምፁን ከቴሌቪዥኑ ወደ ሳውንድ ባሩ ይመልሳል፣ በአንድ ሪሞት ለመቆጣጠርም ያስችላል። ድምፁን በብርሃን የሚያስተላልፈው ኦፕቲካል የሚባለው ገመድም 5.1ን በተጨመቀ መልክ ያሳልፋል። በብሉቱዝ ማገናኘት ግን ለዘፈን እንጂ ለፊልም አይመከርም፤ ድምፁ ዘግይቶ ስለሚደርስ ከተናጋሪው ከንፈር ጋር ይለያያል።

እጅግ ብዙ ገዢዎች ሳያውቁት የሚጎዱበት ጉዳይ በቴሌቪዥኑ የድምፅ ማስተካከያ ውስጥ ይገኛል። ዲጂታል አውትፑት የሚለው ፒሲኤም ላይ ከሆነ፣ በኦፕቲካልም ሆነ በተለመደው ኤአርሲ የሚወጣው ሁለት ቻናል ብቻ ነው፤ አምስት ስፒከር የገዛው ሰው ሁለቱን ብቻ እያደመጠ ይከርማል። ይህንን ወደ ኦቶ ወይም ወደ ቢትስትሪም መቀየር የግድ ነው። ከፍላሽ የሚከፈት ፊልም ምስሉ እየታየ ድምፅ አልባ ከሆነ ደግሞ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ዲቲኤስ የሚባለው የድምፅ ዓይነት ነው፤ ለምሳሌ ሳምሰንግ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቴሌቪዥኖቹ ላይ እሱን መደገፍ አቁሟል። የስፒከሮቹ ቀይና ጥቁር ገመዶችም በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው፤ በአንዱ ላይ ከተገላበጡ ቤዙ ይሳሳል፣ ንግግሩም መገኛው ይጠፋል።

ካርቶን ላይ በትልልቁ የሚጻፈው ዋት ገዢን ሊያማልለው አይገባም። ፒኤምፒኦ ተብሎ የሚጻፈው የቅጽበት ኃይል ቁጥር ለንጽጽር ዋጋ የለውም፤ መታየት ያለበት አርኤምኤስ የሚለው፣ ዕቃው ያለማቋረጥ የሚሰጠው ኃይል ነው። ዋቱ እጥፍ ቢሆን እንኳ ድምፁ የሚጨምረው በ3 ዴሲቤል ብቻ ሲሆን፣ ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ዋቱ አሥር እጥፍ ያህል ማደግ አለበት።

ለማን የትኛው?

በኮንዶሚኒየም ወይም በአነስተኛ የኪራይ ቤት ለሚኖር፣ ዜናና ድራማ በብዛት ለሚያይ ቤተሰብ ምርጫዬ ባለ 3.1 ሳውንድ ባር ነው፤ ቤት ሲቀየርም ተነቅሎ ለመሄድ ይመቻል። በሽምብጥም ሆነ በሌላ ሰፈር ሰፊ ሳሎን ያለው፣ የራሱ ግቢ ያለውና ቅዳሜ ማታ ፊልም የማያልፈው ሰው፣ ገመዱን በግድግዳ ለማሳለፍ ፈቃደኛ ከሆነ ብቻ ባለ አምስት ስፒከሩን ይግዛ፤ ፈቃደኛ ካልሆነ ያው ገንዘብ በሳውንድ ባር የተሻለ ይሠራለታል። ከቴሌቪዥኑ ይልቅ መዝሙርና ዘፈን ለሚያደምጥ ሰው ግን ሁለቱን ስፒከሮች ያለማመንታት እመርጣለሁ። ለስድስት ሳጥን ይከፈል የነበረው ለሁለት ሲውል የእንጨት ሳጥንና ሰፋ ያለ ስፒከር ስለሚገኝበት፣ የማሲንቆው ጭራ ሲሳብ፣ በገናውም ሲነዝር፣ እውነተኛ መልኩን ይዞ ይሰማል። ይህን ዓይነት በከተማችን ሱቆች እንደ ሌሎቹ እንደ ልብ ላይገኝ ስለሚችል ከመርካቶ ማስመጣት ሊያስፈልግ ይችላል።

ከመክፈል በፊት ሱቁ ባዘጋጀው የማሳያ ፊልም ብቻ አይወስኑ። ከዚሁ ከባህር ዳር የሚተላለፈውን የአሚኮ ዜና ያስከፍቱ፣ ድምፁን ዝቅ ያስደርጉ፣ ሦስት እርምጃ ወደ ጎን ቆመውም እያንዳንዱ ቃል ይለይ እንደሆነ ያድምጡ። ቤት ሲደርስም ዕቃው በስታቢላይዘር በኩል ይሰካ፤ በክረምት መብረቅ ሲበዛ ደግሞ ሶኬቱን ብቻ ሳይሆን ከጣሪያ የሚወርደውን የዲሽ ገመድም ከሪሲቨሩ መንቀል ያስፈልጋል፤ በኤችዲኤምአይ የተያያዙ ዕቃዎች በአንዱ የገባው ኃይል ለሌላውም ይደርሳልና።