ካሪዤት ወይስ ክራይዶልፍ፦ የትኛውን ሠዓሊ ማስቀደም ይሻላል?

የስዊዘርላንድን የሥዕል መጻሕፍት ማወቅ የሚፈልግ ሰው ከአሎይስ ካሪዤትና ከኤርንስት ክራይዶልፍ በማን ልጀምር ብሎ ያመነታል። (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ሙያ፦ በበርን የተወለደው ክራይዶልፍ (1863–1956) የድንጋይ ኅትመት ሙያ የተማረ በመሆኑ፣ በ1898 ለወጣው የአበቦች ተረት መጽሐፉ ሥዕሎቹን በማተሚያው ድንጋይ ላይ በገዛ እጁ ሥሏል። በተራራማዋ ትሩን የተወለደው ካሪዤት (1902–1985) ግን በዙሪክ ፖስተርና የመድረክ ገጽታ ሲሠራ ቆይቶ፣ በ1939 ከተማውን ትቶ ወደ ተራራው ተመልሷል።

ሥዕል፦ ልዩነታቸው ጎልቶ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ካሪዤት በ1945 በሣለው «ሼለን ኡርስሊ» በተባለው የሕፃናት መጽሐፍ ኡርስሊ የተባለው፣ ሾጣጣ ቆብ የደፋው ልጅ፣ ለመጋቢት መባቻ በዓል ትልቁን ደወል ፍለጋ በረዶውን እየጣሰ ብቻውን ወደ ተራራው ጎጆ ይወጣል፤ ፖስተር የለመደው እጅ መስመሩን ደፋር አድርጎታል። ክራይዶልፍ በአንጻሩ አበባን ቀሚስ አልብሶ፣ ነፍሳትን እንደ ሰው ያስኬዳል፤ ይሁንና አበባው የትኛው እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው አይጠፋውም። በእኔ ግምት ረቂቁ እሱ ነው።

ቅለት፦ የኡርስሊን ታሪክ የጻፈችው ሴሊና ቾንዝ ስትሆን፣ ታሪኩ ያለ ጽሑፍም ከሥዕሉ ይገባል። የክራይዶልፍ ገጽ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ችኩል ሕፃን ሊሰለቸው ይችላል።

ዝና፦ በ1966 ለሕፃናት መጻሕፍት የሚሰጠው ዓለም አቀፉ የሃንስ ክርስቲያን አንደርሰን ሽልማት ለሠዓሊ ሲሰጥ የመጀመሪያው ተሸላሚ ካሪዤት ነበር።

እንግዲህ ለትንሽ ልጅ ለሚያነብ ወይም የተራራውን ኑሮ ማየት ለሚሻ ካሪዤት ይቅደም፤ ዕፅዋት ለሚወድና የኅትመት ጥበብን ለሚያጠና ደግሞ ክራይዶልፍ ይመረጣል።