የመርከበኛ የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና፦ ከኮምቦልቻ አዳራሽ እስከ ሐይቅ ዳር

ለመርከብ ሥራ ለሚዘጋጁ ወጣቶችና ለሐይቅ ጀልባ ነጂዎች የሚሰጠው ይህ ሥልጠና 2 ቀን ይፈጃል፤ አንዱ ቀን ኮምቦልቻ አዳራሽ ውስጥ፣ ሌላው ሐይቅ ዳር። ከአደጋ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች የሚደረገውን በሚገባ ያስተምራል። ባሕር ላይ ግን አምቡላንስ የለም፤ ከዚያ በኋላ ላለው ረጅም ሰዓት ያሰናዳው ጥቂት ነው። ወረቀቱም መርከብ ላይ አያስቀጥርም፦ በ1978ቱ ዓለም አቀፍ የመርከበኞች ሥልጠና ስምምነት መሠረት ዕውቅና ካለው ተቋም የሚገኘውን ሰርተፍኬት አይተካም።

ጥንካሬው ትንፋሽና ልብ የመመለሱ ልምምድ ነው። ለ4 ሰልጣኝ 1 የመለማመጃ አሻንጉሊት ስላለ ሁሉም እስኪያልበው ይጫናል። 30 ጊዜ ደረት መጫን፣ 2 ትንፋሽ፤ ጥልቀቱ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር፣ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120። ብዙው ሰው ክርኑን ያጥፋል፤ ያኔ ክንዱ ይዝላል፣ ደረቱም በቂ አይወርድም። ደረቱ ተመልሶ ሳይነሳ መልሶ መጫንም ያው ጥፋት ነው፤ ልብ በደም የምትሞላው በዚያች ቅጽበት ነውና። በየ2 ደቂቃው መቀያየርን አሠልጣኞቹ ሰዓት ይዘው ይቆጣጠራሉ። ሰምጦ ለወጣ ሰው ግን 5 ትንፋሽ ይቀድማል፤ ያጣው አየር ነው። ገልብጦ ሆድ እየተጫኑ ውሃ ማስወጣት በእኛ ዘንድ የተለመደ ስለሆነ ይህን ደጋግመው ማረማቸው ያስመሰግናል፦ የሚወጣው የጨጓራ ይዘት ነው፣ እሱም ወደ ሳንባ ይገባል።

ደም ማቆሙም ጥሩ ነው። ቱርኒኬቱ (ደም ለማቆም እጅ ወይም እግር ላይ የሚጠብቀው ማሰሪያ) ከቁስሉ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይታሰራል፣ ክርንና ጉልበት ላይ ግን በፍጹም፤ የታሰረበት ሰዓትም ይጻፋል። ያማል፤ ስላመመ አይላላም። ቃጠሎው ላይ ግን «ለጥቂት ደቂቃ ቀዝቃዛ ውሃ» ተብሎ ታለፈ። የሞተር ክፍልና ወጥ ቤት ላለበት መርከብ ይህ አይበቃም፦ 20 ደቂቃ የሚወርድ ውሃ፣ ሳያብጥ ቀለበት ማውለቅ፣ ከዚያ በንጹሕ ፕላስቲክ መሸፈን። ቅቤም የጥርስ ሳሙናም በረዶም አይደረግበትም።

ሐይቅ ዳር ያለው ቀን ምርጡ ሊሆን ይችል ነበር። ሰልጣኞቹ «ሰማጩን» በብብቱ ይዘው ቀጥ አድርገው ወደ ጀልባ ይጎትቱታል። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የቆየ ሰው እንዲህ ሲወጣ ውሃው ሲደግፈው የነበረው የደም ግፊት ድንገት ይወርዳል፤ ልቡም ሊቆም ይችላል። በመረብ ወይም በጠንካራ ሸራና 2 ገመድ አጋድሞ ማውጣት ይቻላል፤ ዕቃው ሐይቅ ዳር አይጠፋም። ከወጣ በኋላ እርጥብ ልብሱ ይውለቅ፣ በብርድ ልብስ ይጠቅለል፤ እጅ እግሩ አይታሽ፣ አረቄ አይሰጠው።

አየሩ ከታፈነ ክፍል ሰው ማዳን 10 ደቂቃ ብቻ ተሰጠው። የውኃ ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ የቀረን ሰው ለማውጣት ተከትሎ የገባው እንደሚሞት ሁሉ፣ በመርከብ ታንክና ዕቃ ማከማቻም አዳኙ ይሞታል። የመተንፈሻ መሣሪያ ያላደረገ አይገባም፤ መጀመሪያ ደወል፣ ቀጥሎ አየር መለካት፣ ከዚያ መሣሪያ የለበሱ ሰዎች።

የሬዲዮ ሕክምና ምክር፣ ማለትም ከመርከብ ሆኖ የብስ ላይ ያለን ሐኪም በሬዲዮ መጠየቅ፣ በሥልጠናው ፈጽሞ የለም። ሮም ያለው የሬዲዮ ሕክምና ማዕከል (CIRM) ከ1935 ጀምሮ ለመርከበኞች በነጻ የሚመክረው በዚህ መንገድ ነው። ሐኪሙ የሚጠይቀውን በወረቀት አዘጋጅቶ መደወል ይገባል፦ ዕድሜ፣ ጉዳቱና ሰዓቱ፣ ንቃቱ፣ በደቂቃ ስንት ትንፋሽና ስንት የልብ ምት፣ ሙቀት፣ የተሰጠ መድኃኒት፣ የመድኃኒት ሣጥኑ ውስጥ ያለው፣ መርከቡ ያለበት ቦታ። ግማሽ ቀን ቢጨመርለት ይህን ብቻ ማለማመድ ይበቃ ነበር።

ለሐይቅ ጀልባ ነጂ ሥልጠናው እንዳለ ይበቃዋል፣ ይሂድ። ወደ ባሕር የሚሄድ ግን አንድ ነገር ጠይቆ ይመዝገብ፦ ኒል ሮበርትሰን የሚባለው ቃሬዛ አለ ወይ? እዚህ የሚለማመዱት ቅሬው (ዕድሩ) ተጠራርቶ በሽተኛ በሚሸከምበት በተለመደው ቃሬዛ ነው፤ 4 ሰው ለሜዳ ይበቃዋል፣ በመርከብ ጠባብ መሰላል ግን አይወጣም። ያኛው ሰውየውን ጠቅልሎ አስሮ ቀጥ ብሎ በቀዳዳ ያሳልፋል።